መሪውን ሦስትና ዘጠኝ ላይ ያዢው

ሰሚሃ መሪ ከመጨበጧ በፊት ሙሳን የምታውቀው በስፖኪዮ ነበር። እሷ ከኋላ፣ ከአሠሪዎቿ ሁለት ሴት ልጆችና ከአሮጊቷ አያታቸው ጋር ትቀመጣለች፤ እሱ ከፊት፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይነዳል። ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ድስት ሩዝ እየበሉ ስንት ዓመት ሲያልፍ ፊቱን ሙሉውን ያየችበት ቀን ጥቂት ነው። የእሱ ክፍል ከውጭው በር አጠገብ ነው፤ የእሷ ከወጥ ቤቱ በላይ። በመካከላቸው ግቢውና የቤቱ ደንብ አለ። ስለዚህ ሙሳ ማለት ለእሷ በዚያች ጠባብ መስታወት ውስጥ የሚታይ ቁራጭ ግንባር፣ ወፈር ያለ ቅንድብና ሁለት ዓይኖች ነበር። ዓይኖቹን ግን፣ ዋሽታ ምን ትጠቀማለች፣ ከማንም ሰው ዓይን አብልጣ ታውቃቸዋለች።

እሱ የከሚሴ ሰው ነው፣ እሷ የሐይቅ። ሀገር ቤት ቢሆኑ ኖሮ አንድ የገበያ ቀን ተያይተው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ በአንድ ክረምት ያለቀ ነበር። ሪያድ ላይ ግን ሁለቱም በሰው ቤት ያሉ ሰዎች ናቸው። ሙሳ አንዳንዴ ዕቃ ሲያቀብላት ወይም ልጆቹን ሲጠራ "እህቴ ሰሚሃ" ይላታል። ስደተኛ ሁሉ እህቴ ወንድሜ ይባባላልና ምንም ነውር የለበትም። እሷ ግን ያችን ቃል ጠምዳ ይዛታለች። ከአፉ በወጣች ቁጥር በር የሚዘጋባት ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ማዳም ወደ ወጥ ቤት ገብታ፣ ሰሚሃ መንዳት እንድትማር መወሰኗን ነገረቻት። ልጆቹ አድገዋል፤ ትምህርት ቤት የምታመላልሳቸው ሴት ብትሆን ይሻላል፤ በኢቃማዋ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ የተጻፈው ሙያም ከቤት ሠራተኛ ወደ ሹፌር ይቀየርላታል። የሴቶቹ የመንጃ ትምህርት ቤት እስኪጀምር ድረስ ከሰዓት በኋላ ሙሳ የመሪ አያያዝ ያሳያታል። ሰሚሃ የያዘችው ሰሐን ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

ወንድና ሴት ብቻቸውን መኪና ውስጥ መቀመጥ በዚያ ቤት አይታሰብም። ስለዚህ የማዳም ባል እናት፣ አሮጊቷ ኡም ናስር ከኋላ እንድትቀመጥ ተደረገ። ኡም ናስር ጉልበቷ የደከመ፣ ምላሷ ያልደከመ ሴት ናት። መቁጠሪያዋን ይዛ ከኋላ ትሰየማለች፤ አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም።

የሚለማመዱት ከሰፈሩ ዳር ባለ የሠርግ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ነበር። አዳራሹ ማታ ማታ በመብራት ያሸበርቃል፤ ቀን ቀን ግን ሰፊው አስፋልት ባዶውን ይውላል፤ ነፋስ ያመጣው የአበባ ቅጠልና የከረሜላ ወረቀት ብቻ ይንከባለልበታል። አፋቸውን አውጥተው ላልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ይህን ቦታ የሚመርጥ ጠላት ብቻ ነው። ሰሚሃ የሙሽሮቹ መግቢያ ላይ ዓይኗ እንዳያርፍ ስትጠነቀቅ፣ የመጀመሪያውን ቀን ፍሬኑን ረግጣ ረግጣ ኡም ናስርን ከወንበሯ ልታወርዳት ነበር።

"መሪውን አራትና ስምንት ላይ ያዢው" አላት ሙሳ።

ሰሚሃ የወጥ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት አሰበችና እጆቿን ከመሪው ታች፣ ጉልበቷ አጠገብ አደረገቻቸው። ሙሳ ሳቀ። ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ ያለው በሀበሻ ቆጠራ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ ቆጣሪ የሚቆምበትን፣ ከላይ በኩል ያለውን ቦታ። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት በማዳም ሰዓት ተነስታ በማዳም ሰዓት ስለተኛች የሀገሯን ቆጠራ ጣቶቿ ረስተውታል።

"ኸላስ፣ ይቅር" አለ እየሳቀ። "ሦስትና ዘጠኝ ላይ ያዢው። በእኛም ቆጠራ በእነሱም ቆጠራ ያው ቦታ ነው፤ ማንም አይሳሳተውም።"

እጆቿን አነሳችና ግራና ቀኝ አስቀመጠቻቸው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማት። መሪው የተሸፈነበት ቆዳ ሌላው ቦታ ሻካራ ነው፤ እነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ግን ተፍቆ ልስልስ ብሏል። የሙሳ እጆች ናቸው ያለሰለሱት። መዳፏ የእሱ መዳፍ ለዓመታት የኖረበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣና ኒቃብ በመልበሷ አላህን አመሰገነች።

ሙሳ እጇን አንድም ቀን ነክቶ አላሳያትም። ከወጥ ቤት የካብሳ ሩዝ የሚቀርብበትን ክብ ትሪ አስወጥቶ፣ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጦ፣ ትሪውን እንደ መሪ እያዞረ ነበር የሚያስተምራት። ግራው ይጎትታል፣ ቀኙ እየተንሸራተተ ይከተላል። ከዚያ ቀኙ ይገፋል፣ ግራው ይቀበላል። እጅ በእጅ ላይ አይወጣም፣ አይጠላለፍም። አውራ ጣት መሪውን ከውስጥ አይቆልፍም። ከታጠፉ በኋላ መሪው ራሱ ሲመለስ አይለቁትም፣ በመዳፍ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲያልፍ ይተዉታል። "ዓይንሽን ልትሄጂ የምትፈልጊበት ላይ ጣይ እንጂ የምትፈሪው ላይ አትጣይ" ይላታል ደጋግሞ። "እጅ ዓይንን ነው የሚከተለው።" ይህን ሲል ግን እሱ ራሱ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አያይም።

ሰሚሃ ትሪውን ወጥ ቤት ይዛ ገብታ ሩዙ እስኪበስል ታዞረው ነበር። ልጆቹ እየሳቁ "ወዴት ነው የምትወስጂን?" ይሏታል። ትስቅላቸዋለች። በውስጧ ግን ነገሩ ቅር ይላት ጀምሯል፤ ሙሳ ቀን በቀን እየከረረባት መጣ። አንድ መታጠፊያ አሳምራ ብትወጣ እንኳ ጎበዝ አይላትም፣ "ድገሚው" ነው። ሁሌ የሚቆጣት ደግሞ በአንድ ነገር ነው፤ አንገቷን አዙራ ሳታይ በዓይኗ ጠርዝ ብቻ ካለፈች። "የዓይን ጠርዝ አይታመንም፤ አዙረሽ እዪ" ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሰሚሃ ይጠላኛል ብላ ደመደመች። ማታ አንሶላዋን ተከናንባ፣ እህቴ የሚላት ሰው ለእህቱ እንኳ ይህን ያህል አይከፋም እያለች ታስብ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ የባሰው መጣ። ልብስ እያጠፈች ማዳም በሚቀጥለው ክፍል ለባሏ በስልክ ስታወራ ሰማች። ሰሚሃ መንጃ ፈቃዷን እንዳገኘች የሙሳ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ይወጣል፤ ወደ ሀገሩ፣ ላይመለስ። ሰሚሃ ዓረብኛውን አንድም ቃል አልሳተችም። የምታጥፈው የልጅ ቀሚስ እጇ ላይ ቀረ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች፤ ማሽኑን ባዶውን አስነስታ በድምፁ ተከልላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ቀን መሪ ስትማር ለካ ሙሳን ከቤት እያስወጣች ነበር። የእሱን ወንበር፣ የእሱን መሪ፣ እነዚያን ሁለት የለሰለሱ ቦታዎች ልትወርስ። እሱስ ያውቅ ይሆን? ካወቀ፣ የገዛ እንጀራውን ለሚወስድበት ሰው የመሪ አያያዝ ያስተምራል? ካላወቀስ፣ ማን ይነግረዋል? ዓይኗን ስታብስ ውሳኔዋ አልቆ ነበር። እሷ ካላለፈች እሱ አይሄድም። ፍቅር ሒሳብ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ያለውን ብቻ ይደምርና የቀረውን ይረሳዋል።

በፈተናው ቀን ፈታኟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ሰሚሃ መኪናውን አስነስታ፣ ቀጥ ብላ ነድታ፣ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አውቃ እጆቿን አንዱን በሌላው ላይ አወጣቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ ዳር ላይ የቆመ የላስቲክ ምልክት ላይ ተከለችው። እውነትም ሙሳ እንዳለው ሆነ፤ መኪናው ዓይኗን ተከትሎ ሄደና ምልክቱን ከጎማ ሥር አስገባው። ፈታኟ ራሷን ነቀነቀች። ወድቃ ደስ ያላት ተፈታኝ ያች ከተማ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሙሳ ከኡም ናስር ጋር ከውጭ ይጠብቃት ነበር። እጇ ተጠላልፎባት እንደወደቀች ነገረችው። ፊቱ እፎይ ሲል ለማየት ጠበቀች። አመድ መሰለ። መሪውን ያዘ፤ እሷ ከአሮጊቷ ጋር ከኋላ ገባች። እንደ ድሮው ወደ ስፖኪዮው አየች። ዓይኖቹ እዚያው ነበሩ፣ ግን ወደ እሷ አልመጡም።

ወደ ዑረይጃ የሚወስደው የውስጥ መንገድ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ ምግብ የሚያደርስ ሞተረኛ ከግራ በኩል ብቅ አለ። ሰሚሃ ከሩቅ አይታዋለች፤ ሙሳም ያየው መስሏት ዝም አለች። ሙሳ አላቆመም።

"ሙሳ!" አለች።

ፍሬኑ አጓራ። ሞተረኛው በአንድ ክንድ ልዩነት ከፊታቸው አመለጠና እየተሳደበ ሄደ። ኡም ናስር ሸሃዳዋን እየደጋገመች ደረቷን ያዘች። ሙሳ መኪናውን ጥጉን አስይዞ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ለአሮጊቷ በዓረብኛ፣ እናቴ አይዞሽ፣ ትንሽ እንረፍ ብሎ ነገራት። ከዚያ በቆመው መኪና ውስጥ እጆቹን ሦስትና ዘጠኝ ላይ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ከፊቱ ካለው መንገድ ሳያነሳ፣ በዚያው በሚያስተምርበት ድምፅ መናገር ጀመረ። ለኡም ናስር ትምህርቱ የቀጠለ ነው የሚመስለው።

"እህቴ ሰሚሃ፣ ትናንት ልክ የነበረ እጅ ዛሬ አይጠላለፍም። አውቀሽ ነው።"

"ኹሩጅህን ሰምቻለሁ" አለች ሰሚሃ። "ማዳም ስትናገር። እኔ ካላለፍኩ አትሄድም ብዬ ነው።"

"ማዳም አይደለችም። የጠየቅኳት እኔ ነኝ።"

ኡም ናስር ከመቁጠሪያዋ አንድ ጠጠር አሳለፈች።

"ሞተረኛውን አላየሁትም" አለ ሙሳ። "በግራም በቀኝም አላይም። ግላኮማ ነው አለኝ ሐኪሙ። ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ነው የሚመጣው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም። አሁን መንገዱን የማየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ልጆቹን ይዤ። አሮጊቷን ይዤ።" አውራ ጣቱን በመሪው ቆዳ ላይ አሻሸ። "ሐኪሙ የነገረኝ ዕለት ማቆም ነበረብኝ። ሰሚሃ እስክታልፍ ብቻ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። መሪውን ለማንም መተው አልፈለግኩም። ቢያንስ አንቺ ከሰው ጓዳ ትወጫለሽ ብዬ። መሄዴን ለማንም እንዳትናገር ማዳምን የለመንኳት እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ መቼ ትማሪልኝ ነበር? ይኸው ሳልነግርሽም አልተማርሽልኝም።"

ሰሚሃ እንባዋ ኒቃቧን አራሰው። አዙረሽ እዪ እያለ ሲቆጣት የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ዓይኑን ነበር ሊሰጣት የሞከረው። እሷ ደግሞ በእጇ ጠልፋ ጣለችውና፣ በዚያች በመውደቋ ምክንያት ዛሬም መሪው ላይ ተቀምጦ የሰው ልጅ ሊገድል ነበር። የወደደችውን ሰው ልታድን ብላ የሠራችው ሥራ ይህ ነው።

"እኔ የፈለግኩት እንድትቀር ብቻ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ከየት ታውቃለህ? ቀና ብለህ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ሙሳ ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ስፖኪዮው አነሳ። ትንሽ ፈልጎ ነው ያገኛት። "ይህን ሁሉ ዓመት በዚህች መስታወት የኋላ መኪና ብቻ ሳይ የኖርኩ መስሎሻል?" አላት።

ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ለማዳም ባል ደወለና ሰው እስኪመጣላቸው ከመኪናው ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሳ መንዳት አቆመ። ሰሚሃ በመስኮቱ ውስጥ ጀርባውን እያየች፣ ስትመኘው የኖረችው ሁሉ ዛሬ በአንድ ላይ ተሰጥቷት በአንድ ላይ የተወሰደባት መሰላት።

ሁለተኛውን ፈተና አለፈች። ልጆቹ ከረሜላ በተኑላት። ሙሳ ከውጭው በር አጠገብ ቆሞ "ማብሩክ እህቴ" አለና ወደ ክፍሉ ገባ። ሰሚሃ መንጃ ፈቃዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሁለተኛ አውጥታ አላየችውም።

የሚሄድበት ቀን ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የምታደርሰውም ሌላ ማንም ሳይሆን እሷ ሆነች። ኡም ናስር ማንም ሳይጠይቃት ዓባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። ከተማው ገና አልነቃም፤ አቧራ ያዘለ ግራጫ ሰማይ በሕንፃዎቹ ላይ ተኝቷል። ሙሳ ከጎኗ ተቀምጦ ለመጀመሪያው ጥቂት መንገድ "ቀስ በይ፣ ምልክት አሳዪ" ሲል ቆየ። ቀለበት መንገዱ ላይ እንደወጡ ግን ዝም አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሰሚሃ በመጀመሪያ ተቀየመችው፤ የመጨረሻዋን መንገድ ሊተኛባት ነው ብላ። በኋላ እጆቹን አየቻቸው። ጉልበቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አብረዋት ቀስ እያሉ ይጎትቱና ይገፉ ነበር። እንቅልፍ አልነበረም። ተማምኖባት ነው።

ከመንገደኞች መግቢያ ፊት ስታቆም ኡም ናስር ከኋላ፣ ይህች ፀሐይ ዓይኔን አጠፋችው ብላ መሸፈኛዋን ወደ ታች ሳበችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። በሰማዩ ላይ ፀሐይ አልነበረችም። ከጨርቁ ሥር መቁጠሪያዋ አንድ በአንድ ማለፉን አላቋረጠም።

አንድ ጥበቃ የቆሙትን መኪኖች እያፏጨ ወደፊት ያስለቅቃል።

"ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ" አለች ሰሚሃ። መሪውን ጨብጣለች። "ከሚሴ።"

"አትምጪ። ያን ጊዜ ፊትሽን አላየውም።"

"አሁንስ መቼ አይተኸው ታውቃለህ? ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ይበቃኛል።"

"ሰው እጁን ይዞ የሚመራው ባል ይዘሽ ሐይቅ ልትገቢ? እናትሽ ምን ትላለች?"

"መንዳት የተማርኩት ለማን መሰለህ?" አለች።

ሙሳ የበሩን እጀታ በእጁ ፈልጎ ያዘ። ጥበቃው እያፏጨ እየቀረበ ነው።

"ሰሚሃ" አለ።

ጠበቀች። እህቴ የምትለዋ አልተከተለችም፣ ከፊትም አልቀደመችም። ባዶ ስሟን ብቻ ነው የጠራት። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀችው ነገር መጣ፤ ግን በሩ ተከፍቶ ሊወርድ ሲል መጣ። ነይ አላላትም፣ አትምጪም አልደገመም። እጁን ዘረጋና መሪውን በቀኝ በኩል፣ ያ የለሰለሰው ቦታ ላይ ያዘው። ሰሚሃ ቦታ ለመልቀቅ እጇን አንስታ ነበር። ያዝ እንዳደረገው ቆየ፤ ዓመታት የያዘውን ነገር ሊለቅ እንደሚከብደው ሰው። ከዚያ ለቀቀው፤ ሻንጣውን ጎትቶ ወረደ።

ዞሮ አላየም። ቢዞርም ከዚያ ርቀት እንደማያያት ሁለቱም ያውቃሉ። በሩን በእጁ እየዳሰሰ ሲገባ ሰሚሃ አየችው፤ ላለማየት ሞከረች፣ ግን ዓይኗ እምቢ አላት። ጥበቃው አስለቅቋት ስትነሳ መኪናው ሳታስበው ወደዚያ ወደ በሩ አዘነበለ።

"ከፊትሽ እዪ፣ ልጄ" አለች ኡም ናስር ከጨርቋ ሥር፣ በዓረብኛ፣ በለሆሳስ።

ሰሚሃ ከፊቷ አየች። ቀኝ እጇን ሙሳ ይዞት ወደነበረው የቀኙ ቦታ መለሰችው። መዳፉ እዚያ ነበር፤ ቆዳው ገና ሞቅ እንዳለ ነው። የሙሳን እጅ በሕይወቷ የነካችው በዚህ ብቻ ነው። ሙቀቱ እስከ መጀመሪያው መብራት እንኳ አልቆየላትም፣ ማቀዝቀዣው ወሰደው። እጇ ግን፣ ዑረይጃ እስክትደርስ ድረስ፣ በየመታጠፊያው ቢለቀውም ደጋግሞ ወደዚያው ቦታ ይመለስ ነበር።